ማንም ሳይለብሰው የበረረው ልብስ

ማክሰኞ ጠዋት የጠፈርተኛው የቲሞፌይ ካርፑኪን ልብስ ከተሰቀለበት ወርዶ፣ ማንም ሳይለብሰው፣ በእግሩ ወደ ሮኬቱ ሄደ። ጊዜው ሶቪየቶች ሰው ወደ ጠፈር መላክ በጀመሩባቸው ዓመታት ነበር። ለዚያች ቀን ሦስት ዓመት ሲዘጋጅ የኖረው ቲሞፌይ ግን በአርባ ዲግሪ ትኩሳት ክሊኒክ ተኝቷል። ልብሱን በመስኮት አየው። አረማመዱ ደህና ነበር፤ ደረጃው ላይ ሲደርስ ብቻ ቆም ብሎ ወደ ክሊኒኩ ዞር አለ።

አዛዡ ኮሎኔል ሰዓቱን ተመለከተ። የመነሻው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ማንም አልከለከለውም።

ልብሱ ምድርን ሦስት ጊዜ ዞረ። በሬዲዮ ሲጠሩት አይመልስም፤ የታዘዘውን ግን አንድም ሳያጓድል ይፈጽማል። በሁለተኛው ዙር ኦክስጅኑ ለአርባ ደቂቃ ተቋረጠ። መንኮራኩሩ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ልብሱ ወጣ፣ በሩን ከኋላው ዘጋ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጦ መኪና ጠበቀ።

ኮሎኔሉ ክሊኒክ ድረስ መጣ።

«አንተ ብትሆን ኖሮ ሞተህ ነበር» አለው።

ቲሞፌይ ሁለቱ ሴት ልጆቹ ትዝ አሉት። «ማነው የሰፋው?» ሲል ጠየቀ።

የሰፉት ፓራስኬቫ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ቲሞፌይ ትኩሳቱ እንደለቀቀው የልብስ ስፌት ክፍሉ ድረስ ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«እማማ፣ ልብሱ እኔን ተክቶ ሄዶ ሕይወቴን አተረፈልኝ። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔን አይደለም የምታመሰግነው። ልክህ ሲመጣልኝ ትከሻህም ክንድህም ከልጄ ከኢግናት ጋር አንድ ሆነብኝ። እሱ ከጦርነቱ አልተመለሰም። በእሱ ልክ ነው የቆረጥኩት።»

«ታዲያ እንደታመምኩ አውቆ ነው የሄደው?»

«ሰው ሲታመም አይቶ ዝም የሚል ልጅ አልነበረም» አሉ።

ቲሞፌይ ራሱን ነቀነቀ። መልሱ በቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሱም በሌላ ልብስ ሁለት ጊዜ በረረ፤ ኒሻን ተሸለመ፣ ጄኔራል ሆነ። መመሪያው የበረረ ሁሉ አፓርታማ ይሰጠዋል ስለሚል፣ ለልብሱም ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠው። ፓራስኬቫም አብረውት ገቡ። ቲሞፌይ እሑድ እሑድ ድንችና የተጠበሰ ዓሣ ይዞ ይሄዳል፤ የተበላሸ ቧንቧ ካለ ይጠግናል። ልጆቹ ልብሱን «ጋሼ ኢግናት» እያሉ እጁን ይጨብጡታል። ሲወጡ ቲሞፌይ ሁልጊዜ በሩ ላይ ዞሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ደስ እያለው ነው የሚለው።

አንድ እሑድ ብቻውን መጣ። ፓራስኬቫ መስኮቱ አጠገብ ከልብሱ ጎን ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ጓንቱን ይዘው፣ በሌላው የራስ ቁሩን መስታወት በሽርጣቸው ይወለውላሉ።

«ቆይ እኔ ላጽዳልዎት» አላቸው።

«አይጠራም» አሉት በእርጋታ። «ከውስጥ ነው።»

ቲሞፌይ ወንበር ስቦ በሌላው ጎን ተቀመጠ። መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ፤ ጠራ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ጉም ለበሰ።