መጥፊያ ቤቱና ዳክዬዎቹ

ፊሽካው ደግሞ ተነፋ። ጥምዝ እንደጎረሰች ተነሳች። ምን ታድርግ፣ ከሷ ሌላ የሚያወጣቸው የለማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ የቤተሰብ መዝናኛ አለው፤ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ሸርተቴ፣ ዥዋዥዌ፣ ሁሉም ቀለሙ የተላላጠ። አምና ሰው መምጣት ሲያቆም ጥምዝ ቁጭ ብላ አንድ ቤት ሳለች። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ፣ ጣሪያ የለው፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ እዚያው የሚመልስ። ስሙን መጥፊያ ቤት አለችው፣ አባቷም ሠራው። ሰው ከፍሎ ይገባል፣ ይጠፋል፣ በሳቅ ይሞታል። ደግሞ እንዴት እንደሚያምር! ግድግዳው ሁሉ በሷ እጅ የተሳለ ጫካ ነው፣ አንድ ቅጠል ከሌላው አይመሳሰልም። ጥምዝ የሚለው ቅጽል ስምም የወጣላት ያኔ ነው።

ችግሩ፣ አበዛችው። ሰው የምር ይጠፋል። አባቷ ራሱ ሦስቴ ገብቶ ሦስቴም እሷ ናት ያወጣችው። አክስቷማ መሃል ላይ ውሃ ትሸጣለች፣ የጠፋ ሰው ይጠማዋል ብላ፤ ጠዋት ጥምዝ ታስገባታለች፣ ሲዘጋ ታስወጣታለች። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ፊሽካ ይሰጠዋል፣ መላው ሲጠፋው ይነፋል። ጥምዝ ምሳ ላይ ትሁን፣ መታጠቢያ ቤት ትሁን፣ ሩጫ ነው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። የሥዕል ትምህርት ቤቱ ተቀብሏታል! ሌላ ከተማ፣ አዳሪ፣ ምዝገባው በሚቀጥለው ዓርብ የሚያልቅ። አባቷ ግንባሯን እየደጋገመ ሳማት። ወዲያው ፊሽካ ተነፋና ፊቱ ልውጥ አለ።

«ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ማን ያዘሽ» አላት። «ብቻ ሰው ያላንቺ የሚወጣበትን ዘዴ አበጅልኝ።»

ቀስት ልሳልበት ብላ አሰበችና ተወችው። ቀስት ካለው ምኑን መጥፊያ ሆነ፣ ያ ሁሉ ጫካ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ሊሆን ነው። በነጋታው የአንድ ሕፃን ጫማ ወልቆ ስትፈልግ በጉልበቷ ተንበረከከች። እንዴ! ከጉልበት በታች ምንም አልሳለችም ለካ። ግድግዳው ባዶ ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ወደ ታች መች ያያል? እዚያ ባዶው ላይ ትንንሽ ቢጫ ዳክዬዎች ሳለች፣ ምንቃራቸው ወደ መውጫው የዞረ።

እሁድ መጀመሪያ የገባው አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነበር፣ ከነሚስቱ ከነልጁ። በዚህ ነው፣ አይ በዚያ ነው ይላል፤ ልጅቷ ሱሪውን ትጎትታለች፣ ዳክዬ ዳክዬ እያለች። የምን ዳክዬ ነው ደግሞ ሲል ቆይቶ ተሸነፈና ተከተላት። ሲወጡ ልጅቷ ፊት ፊት እንደ ጄኔራል ናት። ቀኑን ሙሉ አንድ ፊሽካ አልተነፋም። ጥምዝ ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዋን በትኩሱ በላች። በሆዷ ሻንጣ እየሸከፈች ነበር።

አክስቷ ግን አኮረፈች። ሰው ሳይጠማው ነው የሚወጣው፣ ዳክዬሽ አከሰረችኝ አለች። ኩርፊያዋ ምን ዋጋ አለው፣ የወጡት ልጆች እንደገና እንግባ ብለው ያለቅሳሉ፣ ወላጅ እንደገና ይከፍላል። ሲዘጋ አክስቷ ወገቧን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዳክዬ በዳክዬ ብቻዋን ወጣች። ገና ቀና ሳትል ዳክዬ በጨርቅ ሰፍተን መውጫው ላይ ብንሸጥስ አለች።

ሐሙስ አባቷ አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት ይዞ መጣ። ከጀርባ ያለውን ቦታ ተከራይቶታል። ሁለተኛ መጥፊያ ቤት ሊሠራ ነው፣ ግድግዳው ባሕር የሚሳልበት።

«አባዬ፣ ያለኔ ይወጣሉ እኮ» አለች ጥምዝ። «እንዲያ አላልክም?»

«መውጣቱንማ ይወጣሉ» አላት፤ ዓይኑ ሁሉ ይስቃል። «የሚጠፉበትን ማን ይሳልልኛል? ይቺን አንዷን ብቻ የኔ ልጅ። ትምህርት ቤቱ የት ይሄዳል፣ ለከርሞ ትሄጃለሽ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር፣ ትጣላው ነበር። እሱ ግን ከስንት ዘመን በኋላ መሳቁ ነው።  ወረቀቱን ሳትነካ መጥፊያ ቤቱ ውስጥ ገባችና መንገዱ የሚዘጋበት ጥግ ሄዳ ተቀመጠች።

አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አገኘቻት።

«ጠፋሽ?» አለቻት ልጅቷ።

«አዎ።»

«ፊሽካ የለሽም?»

«የለኝም።»

«አይዞሽ፣ ዳክዬውን ብቻ እይ።» ጣቷን ያዘቻት።

ጥምዝ እያንዳንዷን ኩርባ ዓይኗን ጨፍናም ታውቃታለች። ቢሆንም ተከተለቻት። መውጫው ጋ አባቷ ጠረጴዛ አውጥቶ ወረቀቱን ዘርግቶታል፣ ነፋስ እንዳይወስደው አራቱም ጥግ ላይ ድንጋይ አድርጎበታል። እርሳሱ ተቀርጿል። ወንበሩም ሳብ ተደርጎላታል።

ልጅቷ ጣቷን ለቀቀቻት።

«በቃ፣ ወጣሽ» አለቻት።