የአመሻሹ ቫይታሚን

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የምትሰጪው?»

ጥያቄው ከወዲያኛው ወንበር ሲመጣ ለቀስተኛው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። የጠየቀችው የሟች ታላቅ እህት ናት። የተጠየቀችው ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ። ከቀብር ወዲህ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ እትዬ። እሱው እያወጣ ጠዋት ጠዋት በፊቴ ነበር የሚውጠው።»

«በወጉ የዋጠ ሰው እንዲህ አይሆንም» አለች እትዬ አጠገቧ ላለችው ሴት። በሹክሹክታ መናገሯ ነበር፤ የእሷ ሹክሹክታ ግን በር ድረስ ይሰማል።

ሰፊዋ ብድግ ብላ ጓዳ ገባችና ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖች ታቅፋ ወጣች። «ይኸው! እዩት! ተወስዷል!»

ማንም አላየላትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም በላይ ነገሩን ማወቅ የፈለገችው እሷው ራሷ ነበረች። ሐኪሙ «አጥንት ውስጥ የገባ ከባድ ኢንፌክሽን ነው፤ አንድም ቀን ሳያዛንፍ ከወሰደ ግን ተስፋው ጥሩ ነው» ብሏት ነበር። ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው። ታዲያ ምን ሆነ?

ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር የሚላት ጡረተኛዋ ነርስ ጠጋ አለቻት። «የማታውንስ ሲውጥ አይተሻል?»

«የማታውን... ‹ወስጃለሁ› ይለኛል።»

ሲስተር ባዶዎቹን ካርቶኖች መቁጠር ጀመረች። የሲስተር ቆጠራ ደግሞ አይወደድም።

ሟቹ አናጢ ነበር፤ እግሩን የወጋው የገዛ መሮው ነው። ጓደኞቹ «እኩሌታ» ይሉታል። ዳቦ ቢሰጡት ለሁለት፣ ብርቱካን ቢሰጡት ለሁለት። በተጋቡ ሰሞን ዝናብ ቢይዛቸው አንዲቱን ዣንጥላ መሐል ለመሐል ይዞ፣ እሷ ግራ ትከሻዋ፣ እሱ ቀኝ ትከሻው በስብሶ ቤት ገቡ። «አንተ ሰውዬ፣ ወደ አንዳችን ብታዘነብለው ምን ነበረበት?» ብትለው፣ «ፍርድ ይጓደላላ!» ብሎ አሳቃት።

በማግስቱ የእትዬ ጥቁር ቀሚስ ቁልፍ ተበጠሰ። ሰፊዋ ቁልፍ ፍለጋ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ስትጎረጉር፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሥር ሁለት ፍሬ የቀሩበት የመድኃኒት እሽግ እጇ ገባ። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ግራጫ። ወዲያው አወቀችው። ቫይታሚኗ ነው!

ባሏ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን እሷ ክፉኛ ትስል ነበር። «ታከሚ እንጂ» ቢላት፣ «የሰው ልብስ ቆልዬ?» ብላ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲያ አመሻሽ ላይ እያነከሰ ወደ መኪናዋ ይመጣል። ውኃ፣ በሻይ ማንኪያ ላይ ደግሞ አንድ ፍሬ። «ቫይታሚን ነው፣ ዋጪ።» ሳሉ ከለቀቃት በኋላም «እንዳይመለስ» እያለ አላቋረጠም። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችን ሴት ሁሉ ከማን ጋር እንደተጣላች ሳትጠይቅ የማትሸኝ ሰው፣ ይህን ቫይታሚን ማን አዘዘልኝ ብላ አልጠየቀችም። የባሏን መድኃኒትም እሱ ራሱ ከካርቶኑ እያወጣ በእፍኙ ወደ አፉ ስለሚወረውረው፣ መልኩን ልብ ብላ አታውቅም ነበር።

እሽጉን ይዛ ወደ ባዶዎቹ ካርቶኖች ሮጠች። ጽሑፉን ከጽሑፉ አስተያየች። አንድ ነው።

«የወንድሜ ነው?» እትዬ ከኋላዋ ቆማለች። «አምጪው እስቲ። ጉሮሮዬ በለቅሶ ቆስሏል፤ የሱ ትራፊ ይበጀኛል።» አፈፍ አድርጋ አንዱን ፍሬ ፈልቅቃ አፏ ከተተች።

ሰፊዋ የባሏ ወሬ ትዝ አላት። መድኃኒቱ በታዘዘለት ቀን፣ እህቱ አንዴ ክሊኒክ በወጓት የዚህ ዓይነት መድኃኒት ከንፈሯ እንዴት እንዳበጠ፣ እንዴት ትንፋሽ አጥሯት ለጥቂት እንደተረፈች አውርቶላት ነበር።

«ትፊው! እትዬ በሞቴ፣ ትፊው!»

እትዬ ደንግጣ ተፋችው። ሲስተር ፍሬውን ከወለሉ አንሥታ አየችው። «ከዚሁ ዘር ነው። ብትውጪው ሌላ ለቅሶ ልንቀመጥ ነበር።»

«ቆይ» አለች እትዬ ትንፋሿን ስትሰበስብ። «የሱ መድኃኒት አንቺ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ረስቶት ነው» ብትል ማን ያውቃል? እውነቱን ከተናገረች ግን «የባሏን ዕድሜ የበላች» ተብላ መቅረቷ ነው። ሰፊዋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«የማታ የማታውን የበላሁት እኔ ነኝ። ቫይታሚን ነው ብሎኝ። ለሳሌ።» ወደ ሲስተር ዞረች። «ገደልኩት?»

«እንደሱ አልልም» አለች ሲስተር። «ይህ በሽታ ሙሉውን ተወስዶለትም እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። ግን ግማሽ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያደክመዋል እንጂ አይጨርሰውም፤ የተረፈው መልሶ ይበረታል። ያንቺ ሳል ደግሞ ጉንፋን ነበር፤ ይህ መድኃኒት ለጉንፋን ምኑም አይደለም። በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀሽ።»

«እንግዲያው በከንቱ ነው?»

ሲስተር ፍሬውን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ እርግማኑን ጠበቀች። እትዬ ግን፣ «ሲሰጥሽ ምን ይል ነበር?» አለቻት።

«‹እኔ እንደሆንኩ ጠንካራ ነኝ፣ አንቺ ዋጪ› ይለኝ ነበር።»

«ሞኝ!» አለች እትዬ። «ሞኝ የኔ ወንድም! ለሷ መድኃኒት እኔንስ ቢጠይቀኝ ምን ነበር?» ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም።

ለቅሶዋ በረድ ሲልላት ከወንበሯ ወርዳ ሰፊዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሰፊዋ ጥቁር ሻሽ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እትዬ ሻሹን ወደ ላይ ሰበሰበችና፣ ጆሮዋን ሸፍና፣ ከኋላ ሁለት ጊዜ ቋጠረችላት።