ሣልስት በዙሪክ ባቡር

«በአባትሽ ሣልስት ዕለት ነው ባቡር የምትሳፈሪው?» አሉ እትዬ የሻረግ፣ የንፍሮውን ሳህን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ። ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ የምትገኘው የሟች ጠባብ ቤት በለቅሶ ደራሽ ተሞልታለች።

ሳራ ቀና አላለችም። አባቷ አቶ ወልደሥላሴ የተቀበሩት ትናንት፣ ማክሰኞ ነው። የስዊስ ዜግነት ቃለ መጠይቋ ደግሞ ነገ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እሷ በምትኖርበት በዲቲኮን፣ ዙሪክ አጠገብ። መንገዱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

«ደውላ ታስተላልፈዋ» አለ አንድ ሰው ከበሩ በኩል።

«አንዴ አስተላልፌዋለሁ» አለች ሳራ። «ነገ ካልሄድኩ፣ ካሁን ወዲያ ወኔውም አይኖረኝም።»

ለምን እንዳስተላለፈችው ግን አልተናገረችም።

ወልደሥላሴ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው የጄኔቭ ዳርቻ በአንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሃያ ስድስት ዓመት ወንበር ሲደረድሩና የዓለምን ባንዲራ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ባልተጋበዘችበት ትርኢት ባንዲራዋን ከመሃል ሰቅለው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሲውለበለብ ማንም ልብ አላለም። ይህን ታሪክ ለሳራ በየዓመቱ ይነግሯት ነበር፤ በየዓመቱም ባንዲራው ትንሽ ትንሽ እያደገ ይሄዳል።

ባለፈው ሚያዝያ እዚሁ ቤት የዜግነት ማመልከቻዋን አዩት።

«ይህ ከተሳካልሽ አገርሽ የውጭ ዜጋ ትልሻለች» አሏት።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ቦሌ ስንደርስ እኔ ባንዱ ሰልፍ፣ አንቺ በሌላው ልንቆም ነው?»

«እዚህስ? ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በእንግዳ ሰልፍ አይደለም የቆምኩት?»

አባቷ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለ አየሩና ስለ ጉልበታቸው ያወሩ ነበር እንጂ ያችን ነገር ማንም አላነሳትም። እሷም በዚሁ ሰበብ ቀጠሮዋን አስተላለፈች፤ አዲሱን ቀን ስትነግራቸው «እሺ» ብቻ አሉ። ባለፈው ዓርብ ልባቸው ድንገት ቀጥ አለ። ሳራን ከሞታቸው እኩል የሚያንገበግባት ተቀይመዋት ሄደው እንደሆነ አለማወቋ ነው።

«የሻረግ፣ እስቲ አንዴ» አሉ ጋሽ ደረጄ።

ጋሽ ደረጄ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሟች የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው። የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ በሩ ጀርባ ወደተሰቀለው የወልደሥላሴ ጥቁር ካፖርት ሄዱ።

«የሙት ኪስ ልትፈትሽ ነው?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ራሱ እኔ ፊት የከተተው ነው» አሉና የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ለሳራ ሰጧት። ከማዘጋጃ ቤት በቅናሽ የሚገዛ የቀን የባቡር ቲኬት ነው። ስም ይጻፍበታል፣ ቀንም ይጻፍበታል። ስሙ ወልደሥላሴ ይላል፤ ቀኑም የነገው ሐሙስ ነው።

ሳራ ሁለቴ አነበበችው።

«እስከ ሐሙስ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኝ ነበር» አሉ። «አንድ ቀን ባጎድልበት ይቅር ይለኛል። ሳታስቢው የቃለ መጠይቅሽ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ሊጠብቅሽ ነበር።»

«አልተቀየመኝም ማለት ነው?»

«ተቀይሞሽማ ነበር! ሁለት ወር ሙሉ እኔን አደረቀኝ። ኋላ ግን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ደረጄ፣ ሰልፉ ቢለያይም መውጫው በር አንድ ነው። ቀድማኝ ካለፈች ሻንጣዬን ይዛ ትጠብቀኝ።›»

ሳራ ሳቀች። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ሳቁ ግን አልታዘዝ አላት፣ እንባውም ተከትሎት መጣ። እትዬ የሻረግ ትንሽ አዩዋትና ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ አስተካከሉ።

«እንግዲህ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም» አሉ። «እሄዳለሁ ካልሽ ለቅሶው አብሮሽ ይሄዳል።»

በማግስቱ ማለዳ የሣልስቱ ጸሎት እንዳለቀ፣ ጥቁር የለበሱ አሥራ አንድ ሰዎች ከጄኔቭ ጣቢያ ተሳፈሩ። ፈረንጆቹ መንገድ ለቀቁላቸው። እትዬ የሻረግ ንፍሮውን በአይስክሬም ባልዲ ይዘዋል፤ ሎዛን ሳይደርሱም ለቅሶውን ወደ ፈተና ለወጡት።

«ካንቶኑ፣ ማለት ክፍለ ሀገሩ፣ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«አገሩን የሚመሩት ሚኒስትሮችስ?»

«ሰባት።»

«እንደ ጸሎት ሰዓታት በይና ያዥው። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት መቼ ጸደቀ?»

«በ1848።»

«በእኛ ነው በእነሱ?» ብለው ጋሽ ደረጄ ጣልቃ ገቡ፤ ሁለቱም ስምንት ዓመት ሲደምሩና ሲቀንሱ ፍሪቡርግ አለፈ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ፈረንጅ ንፍሮ ተዘግኖለት በትዝብት ያኝካል። ሳራ ደስ ብሏታል፤ አባቷን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ደስ ብሏት የሚጠይቋትን ሁሉ ትመልሳለች።

ከአጠገቧ ግን የመስኮቱ መቀመጫ ባዶ ነው። ሳይነጋገሩ ማንም አልተቀመጠበትም። ጋሽ ደረጄ እንኳን በዚያ ጉልበታቸው መደገፊያውን ይዘው ቆመዋል።

በርን ከተማ ጣቢያ ላይ ሰው ጎረፈ። ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት አጠገቧ ቆመችና በጀርመንኛ ጠየቀች፦

«ይቅርታ፣ ቦታው ነፃ ነው?»

በዚያ አገር ሳይጠይቅ የሚቀመጥ የለም። ሳራም ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን በተጠየቀች ቁጥር፣ ገና ጥያቄው ሳያልቅ ዕቃዋን ሰብስባ ጥግ ትይዝ ነበር፤ እንግዳ ቦታ አያበዛም ብለው ያስተማሯት አባቷ ናቸው።

«ተይዟል» አለች።

ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ አለፈች። ሳራ የአባቷን ቲኬት ዘርግታ መቀመጫው ላይ አኖረችው፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስም እንዳይወድቅ እጇን ጫነችበት።