አሥራ ስምንት ኳሶች

ባሌ በድሪ ከሰዓት በኋላ መሐንዲስ ነው። ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት ይሠራል። ዱቄት ለብሶ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ምሳውን ይበላል፣ ዙህር ይሰግዳል። ጎረቤታችን ገብሬ ጫቱን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ መጥቶ ሁለቱ በረንዳው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን የማይሠሩት ነገር የለም። በዚያች በረንዳ ላይ የከተማችን የጭሮ የውሃ ችግር ስንት ጊዜ እንደተፈታ የማውቀው እኔ ነኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቃናው ይወርዳል፣ ውሃውም አይመጣም።

ስለዚህ የልጃችንን የፈርዶሳን ብስክሌት እኔ እሠራዋለሁ ሲል ደስ አላለኝም።

ፈርዶሳ አስተማሪ ናት። የተመደበችው ቦርደዴ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ስለሆነ በዚያ በረሃ ፀሐይ ሲሄዱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አርብ ማታ ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንንም አታናግርም። ከሦስት ሳምንት በፊት እኔን ማድ ቤት ብቻዬን አግኝታ ነገረችኝ።

“እማዬ፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የሦስት ሳምንት ጊዜ ለራሴ ሰጥቻለሁ። እስከዚያ ብስክሌት ካገኘሁ እቀጥላለሁ፣ ካላገኘሁ ሰኞ አስገብቼ እመጣለሁ። እግሬ አልቋል።”

ለአባቷም ነገርኩት። ያን ጊዜ ነው ከዕቃ ቤት ያንን ድሬዳዋ ሳለ የሚነዳውን አሮጌ ብስክሌት ያወጣው። ጭሮ ዳገት ነው፤ እዚህ ብስክሌት ያለው ሰው ግማሹን መንገድ ሲገፋ ነው የሚውለው፤ እና ከመጣን ጀምሮ ዶሮ ነበር የሚያድርበት። ቦርደዴ ግን መሬቱ ሜዳ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ጥሩ ነበር። ካቴናውን በላምባ አጠበው፣ ፍሬኑን ቀየረ። ቆላው እሾህ ነውና ያረጀ የሞተር ጎማ በቀጭኑ ሸንሽኖ በጎማውና አየር በሚይዘው ካላማዳሪ መካከል አስገባ። እሾህ ቢወጋውም ውስጥ አይደርስም አለ። እሱን ስሰማ፣ ይሄ ሰውዬ ለካ ያስባል ብዬ ቡና አፈላሁለት።

ከዚያ ገብሬ ገባበት። ገብሬ በያጅ ነው፤ ብረት ሲያይ እጁን ይበላዋል። በሁለተኛው ሳምንት ከኋላ በፌሮ መጫኛ በየደለት፤ አንድ ኩንታል በቆሎ ይችላል። አስተማሪ ምን ኩንታል ትጭናለች? ከፊት ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ቆርጠው ቅርጫት አደረጉለት። በሦስተኛው ሳምንት የጥላ ማቆሚያ ቱቦ መጣ። ፀሐይ ነዋ ይላል በድሪ፤ ጥላውን እላዩ ላይ ተክላ ትነዳለች። ለመግፋት ስሞክር ከቦታው አልነቃነቅ አለኝ።

“በድሪ፣ ልጅቷ ብስክሌት ነው የጠየቀችው። ይሄ እኮ ጋሪ ነው” አልኩት።

“አቦ ተይኝ ሀሊማ። ሳይንስ ነው” አለኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እንዲህ እንደ ከበደም ቢሆን አለቀ። ፈርዶሳ ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረችበት። እየሳቀች ነበር። ወረደችና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ማረም ጀመረች። እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ጭናው ትሄዳለች። አልሀምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ግን ቀኑ ገና ነበር፤ ጫቱም መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ገብሬ ጆሮውን ቀና አድርጎ፣

“ልጅቷ ስትነዳ ከኋላ ጎማው ቂጭ ቂጭ የሚል ነገር አልሰማህም?” አለ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። ፈርዶሳም አልሰማችም። ምርቃና የያዘው ሰው ግን የጉንዳን እርምጃ ይሰማል። በድሪ ተነሳ፣ የኋላውን ጎማ ፈታ፣ መሃሉን ከፈተ። እዚያ ውስጥ ዘንጉን ከበው ጎማውን የሚያሽከረክሩ የብረት ኳሶች አሉ፤ በቀኝ ዘጠኝ፣ በግራ ዘጠኝ። ሽምብራ የሚያህሉ ናቸው። ግሪስ ለብሰው ጠቁረዋል። እንዳይንከባለሉበት ጫቱ የመጣበት የሙዝ ቅጠል ላይ አስቀመጣቸው። ገብሬ አዲስ ግሪስ ሊያመጣ ወደ ሱቁ ሄደ፣ በድሪ የአስር ሶላት ደረሰና መስጊድ ሄደ።

እኔ ደግሞ የተዝረከረከ በረንዳ አልወድም። መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁና ገራባውን፣ ያንን እነሱ ቃመው የጣሉትን የጫት ቅጠልና እንጨት፣ ሰብስቤ በሙዝ ቅጠሉ ጠቀለልኩት። እንደ ሁልጊዜው ጓሮ ወስጄ ለፍየሎቻችን ደፋሁላቸው። ሲወድቅ አንድ ነገር ተንኳኳ። የለስላሳ ቆርኪ መሰለኝ።

ሁለቱ ተመልሰው ኳሱን ሲያጡት በረንዳው ተገለበጠ። ፍራሹ ተራገፈ፣ ትራሱ ተፈተሸ። ገብሬ የራሱን ኪስ ሦስት ጊዜ ፈተሸ።

“ያለ ኳስ ጎማው አይዞርም” አለ ገብሬ። “እዚህ ከተማ ደግሞ ይሄን የሚሸጥ የለም። ከድሬ ነው የሚመጣው።”

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቆርኪ መስሎኝ የነበረው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሌን ስቦጭቅ ከርሜ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እና ዝም አልኩ።

ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ ማፈር ግን አልነበረም። ፈርዶሳን አየኋት። ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ አንገቷን ደፍታ ታርማለች። ብስክሌት ከሌለ ደብዳቤው ሰኞ ይገባል፤ ደብዳቤው ከገባ ልጄ ቤቷ ትመጣለች። ከሄደች ጀምሮ የጠዋት ቡናዬን የምጠጣው ብቻዬን ነው። አልጋዋን በየጠዋቱ አነጥፋለሁ፤ እስከ አርብ ማንም አይተኛበትም። ፍየሎቹ ጋ ነው ብዬ ሁለት ቃል ብናገር ትሄዳለች፤ ዝም ካልኩ ትቀራለች። ማንንም አልዋሸሁም፣ ዝም ብቻ ነው ያልኩት ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንዲያውም ከእነሱ ጋር ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

መግሪብ ሆነ። ገብሬ፣ ነገ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ አልመጣም፣ አብሽሩ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በድሪ የስልኩን መብራት ይዞ በጉልበቱ እየዳኸ የበረንዳውን ስንጥቅ ሁሉ ያያል። ምርቃናው ወርዷል፤ መሐንዲሱ የለም፤ የቀረው ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ነው። ራት ሳቀርብ አልበላም አለ።

“ደህና የነበረውን ነገር ፈታሁባት” አለኝ። “ልጄ በእኔ ምክንያት ሥራዋን ልትለቅ ነው።”

እኔም የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ፈርዶሳ ግን በላች። አባቷን፣ “ተወው አባ፣ የአላህ ነው” አለችው። እኔን ቀና ብላ አየችኝና ውሃ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።

ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ገና እንደነጋ፣ በድሪ ጫማውን ሲያጠልቅ ፊቱ ቆምኩ።

“ኳሱ ፍየሎቹ ጋ ነው። ከገራባው ጋር ደፍቼዋለሁ።”

“መቼ አወቅሽ?”

“ትናንት። ስትፈልጉ።”

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ጫማውን አጥልቆ ጨረሰ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገባና አንድ የተበላሸ ቴፕ ይዞ ወጣ። ስፒከሩን ገንጥሎ ማግኔቱን አወጣ፣ በሲባጎ አሰረው። ያለ ጫት ያን የመሰለ ሐሳብ ሲመጣለት ሳይ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን የመጀመሪያዬ ነው።

ማግኔቱም ባይኖር ጉዳችን ይፈላ ነበር። ግሪስ የነካው የብረት ኳስ አፈር ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመስል የፍየል በጠጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔ አሥር ጊዜ አገኘሁ ብዬ አሥር ጊዜ ጣልኩ። ፈርዶሳም ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ሦስታችን ጎንበስ ብለን ለቀምን። ፍየሎቹ ጥግ ይዘው እያመነዠኩ ያዩናል። ማግኔቱ ጭቅ ባለ ቁጥር በድሪ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ አራት ላይ ቆመ። ቆየና አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ሁለቱ አልተገኙም።

“ሁለቱን ያቺ ነጯ ውጣቸዋለች” አለች ፈርዶሳ። ሳቀች፤ እኛም ሳቅን።

“ስምንት በቀኝ፣ ስምንት በግራ” አለ በድሪ። “ዘጠኝ መሆን ነበረበት፤ ግን በስምንትም ይዞራል። ድሬ ሳለሁ እንደዚህ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ።”

አንድ በአንድ በላምባ አጠባቸው። ግሪስ ቀብቶ እያንዳንዱን በጣቱ ጫፍ በቦታው አስቀመጠ። ጠዋት እጁ ቀርፋፋ ነው፤ ግን አይሳሳትም። ሲጨርስ ጎማውን አንስቶ አሽከረከረው፤ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ሳንጠይቀው የጥላውን ቱቦ ፈታ፣ ጀሪካኑን አነሳ። መጫኛውን ተወው፤ ገብሬ ቅር እንዳይለው። መፍቻውንና የካላማዳሪ መለጠፊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። እንዴት እንደሚለጠፍ አንዴ አሳያት፣ አንዴ እሷን አስደረጋት። የእሷ የተሻለ ተለጠፈ።

ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ ብስክሌቱን ጣሪያው ላይ ሲያስር በድሪ ከሥር ሆኖ፣ በዚህ አጥብቅ፣ በዚያ አላላ ይለዋል። ፈርዶሳ ወደ እኔ ቀረበች።

“እማዬ፣ አባ ኳሱን ቅጠሉ ላይ ሲያደርግ አይቻለሁ። አንቺ ስትጠቀልይውም አይቻለሁ። ሲፈልጉ ነው ነገሩ የመጣልኝ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“አንቺን ሳይሽ አንቺም እንዳወቅሽ ገባኝ። ለምን ዝም እንዳልሽም ገባኝ። እስከ ጠዋት ባትናገሪ ኖሮ እቀርልሽ ነበር።”

ሻሿን አስተካከልኩላት፤ ያልተበላሸ ሻሽ። “ግቢ፣ ቦታ ይያዝብሻል” አልኳት። ገባች። በመስኮት እጇን አውጥታ ጨበጠችኝ፣ መኪናው ሄደ።

በድሪ መኪናው እስኪታጠፍ ጣሪያው ላይ ያለውን ጎማ ሲያይ ቆየ። ምን እንዳለችኝ ጠየቀኝ። አልደበቅኩትም፤ ትቅርልኝ ብዬ ዝም እንዳልኩ፣ እሷም እንዳወቀችብኝ ነገርኩት።

ጥቂት ተራመደ።

“ኳሱ የጠፋ ጊዜ” አለኝ፣ “መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ልትቀርልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ራቴን ያስተወኝ እሱ ነው።”

ጎን ለጎን ሆነን ቀስ እያልን ዳገቱን ወጣን።