የዙልማ ታርጋ

ልጄ ማርሌን ደግ ናት። ሲበዛ ደግ ናት፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። እናቷን በቀበርን በሳምንቱ መጥታ ቁም ሳጥኑን አራገፈች፣ የተረፈውን መድኃኒት ለፋርማሲው መለሰች፣ የእናቷን መኪና ለአንድ ጎረምሳ ሸጠች፣ ታርጋውን ነቅላ ለመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በፖስታ ላከች። እኛ አገር ታርጋ የሰው ነው እንጂ የመኪና አይደለም። ባለቤቱ ሲሞት ታርጋውም ይመለሳል፤ ሕግ ነው። ሁሉንም ስትጨርስ እጇን ታጠበችና፣ "በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ የምታስበው ነገር የለም" አለችኝ።

እኔ ሞኙ አመሰገንኳት።

በማግስቱ ወጥ ቤት ቆሜ ዳቦዬን ስቆርጥ ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። ዲሴምበር አሥራ አንድ፣ የሚመጣው ሐሙስ። ሥሩ በሚስቴ በዙልማ እጅ ጽሑፍ "ገዳም፣ ስምንት ሰዓት" ይላል። ቢራው። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ቢራውን ረስቼው ኖሯል።

የገዳሙን ቢራ ሱቅ ገብቶ መግዛት የሚባል ነገር የለም። መነኮሳቱ የሚጠምቁት ለኑሯቸው የሚበቃቸውን ያህል ነው። ከዚያ በላይ ጨምሩ ብሎ ዓለም ሁሉ ቢለምናቸው ወይ ፍንክች። ትደውላለህ፣ የመኪናህን ታርጋ ትናገራለህ፣ ቀን ይቆረጥልሃል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ታርጋ ሄደህ ሁለት ሳጥን ትጭናለህ። ለሁለት ወር ያህል ሌላ አታገኝም። ችግሩ፣ አገር ምድሩ በአንድ ስልክ ላይ ስለሚረባረብ መስመሩ ሁልጊዜ እንደተያዘ ነው።

ዙልማ ያንን ቀን ያገኘችው አልጋ ላይ ሆና ነው። ሦስት ጠዋት ሙሉ ደወለች። እሷ በቤቱ ስልክ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ማርሌን በገዛችልኝ ሞባይል። "ጣትህን ፈጠን አድርግ እንጂ፣ ድንች ነው እንዴ የምትልጠው?" ትለኛለች። ድምጿ አልቆ ሳለ አፏ ግን አልደከመም። ሦስተኛው ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ በርቷል። "ያዝኩት" አለችኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አረፈች።

እንግዲህ ይታያችሁ። ዙልማ በዚህ ዓለም ላይ የጨረሰችው የመጨረሻ ጉዳይ ያ ነው። የተቀረውን ሐኪሞቹ፣ ማርሌንና ቄሱ ጨረሱላት። እኔ እሱን ሳላመጣ ልቀር ነው? ታርጋው ደግሞ ተመልሷል።

እንዳልደውል፣ ለመጠየቅም ያው ስልክ ነው። ሁለት ቀን ደወልኩ። ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል። ለብቻ ሲደውሉት እንዴት ያለ ክፉ ነገር መሰላችሁ። ዱሮ እንደዚህ አልነበረም። ዱሮ ስልክ የሚባል አልነበረውም፤ ጎህ ሲቀድ ሄደህ በመኪና መሰለፍ ነው። ሰልፉ ከገዳሙ በር ተነስቶ ቢራ በሚመረርበት በሆፕስ ተክል እርሻ መሃል እስከ መስቀለኛው መንገድ ይደርስ ነበር። ዙልማ ዳቦና አይብ ጠቅልላ፣ ሹራቧን ይዛ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍና ትቀመጣለች። ከፊታችን ያሉት ድንበር ተሻግረው የመጡ ፈረንሳዮች ይሆናሉ፤ ዙልማ በእጅና በዓይን እያወራች ግማሹን ዳቦ ታድላቸዋለች። እኔ እቆጣለሁ። "አንተ ደግሞ፣ ሰው እኮ ነው" ትለኛለች። አንድ ክረምት ማርሌንን ያረገዘች ጊዜ በረዶ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ቆምን፤ ከኋላችን የነበረ የወተት ነጋዴ ሞተሩን አስነስቶ እሷን ሙቀቱ ጋ አስቀመጣት፤ እኔ የኛን መኪና እየገፋሁ ሰልፉን ስከተል ዋልኩ። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም ብል አልዋሸሁም። ስልኩ ሲመጣ የመንገዱ ዳር ነዋሪዎች ተገላገልን ብለው ደገሱ። እኛ ደግሞ የሆነ ነገራችንን የተቀማን ያህል ከፋን።

ለጎረቤቴ ለፊርሚን ነገርኩት። ፊርሚን ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። እኔ የዓይን ሞራ ከጀመረኝ ወዲህ አልነዳም፤ እሱ ግን ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ እንደ ጎረምሳ ይነዳል።

"ይኼ ምን ያስጨንቃል" አለኝ። "እኔ ጓዳ አንድ ሳጥን ሙሉ አለ። እንካ ውሰድ።"

"ያንተን ምን ላድርገው?"

"ጠጣዋ። ያው ቢራ ነው።"

"ያው አይደለም። የዙልማን ነው የምፈልገው። አልገባህም?"

ፊርሚን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። እንዲህ ሲያደርግ እያሰበ ነው። "የፊቱ ታርጋስ?" አለኝ ቆይቶ።

መንግሥት የሚሰጥህ የኋላውን ታርጋ ብቻ ነው። የፊቱን ራስህ በገንዘብህ፣ ቁልፍም ታርጋም የሚቀርጸው ጫማ ሰፊ ጋ ሄደህ ነው የምታሠራው። ማርሌን ለመሥሪያ ቤቱ የመለሰችው የኋላውን ነው። ሄድን፣ ጋራዡን ከፈትን። መኪናውን የገዛው ልጅ ነቅሎ ጥሎት የሄደው የፊቱ ታርጋ ከአትክልት ማጠጫው ጎማ ሥር ወድቋል። ቀዮቹ ፊደሎች ጥግ ጥጋቸው ተላጧል፤ ዙልማ የጋራዡን በር ስትገጭ ያጎበጠችውም ቦታ እንዳለ ነው። በክርኔ ጠረግሁት።

"ይኼን በሽቦ መኪናዬ ላይ ልታስረው አይደለም አይደል?" አለ ፊርሚን።

"ያንተው አሳብ ነው።"

"እኔ ጠየቅሁ እንጂ አሳብ አላቀረብኩም። ፖሊስ ቢይዘንስ? በስተርጅና እስር ቤት ልታስገባኝ?"

"እዚያም ምግብ አለ። ሚስትህ ከምትሠራው ይሻላል።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለና ሽቦ ፍለጋ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ባዶዎቹን የእንጨት ሳጥኖች ጭነን በጓሮ መንገድ ወጣን። ጭጋግ ነበር። ሆፕሱ የሚጠመጠምባቸው እንጨቶች ራቁታቸውን ቆመዋል። ፊርሚን መንገዱን ሁሉ ለፖሊስ የሚናገረውን ይለማመዳል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ከአምስት መኪና ኋላ ቆምን። ተራችን ሲደርስ አንድ መነኩሴ ወረቀት ይዘው ወጡ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ገፍተው የፊቱን ታርጋ አዩ፣ ወረቀታቸውን አዩ፣ ምልክት አደረጉና በእጃቸው እለፉ አሉን። ፊርሚን ተንፍሶ መስኮቱን በጉም ሸፈነው።

ለካ ሁለታችንም ሽማግሌዎች አንዲት ነገር ሳናስብ ኖሯል። ቢራ የሚጫነው ከኋላ ነው።

መነኩሴው ባዶዎቹን ሊቀበሉ ከኋላ ዞሩ። ፊርሚን የዕቃ መጫኛውን ባጋጅ ከፈተላቸው፤ እሳቸው ግን የኋላውን ታርጋ እያዩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ፊት ሄዱ፣ እንደገና ወደ ኋላ መጡ። አንድ መኪና፣ ሁለት የተለያየ ታርጋ።

"ይኼ የማን ነው?" አሉ ወደ ፊት እየጠቆሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"የሚስቱ ነው አባ" አለ ፊርሚን እኔን ቀድሞ። "ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው። በዚህ ብርድ አትውጪ ብለናት…"

"ፊርሚን፣ ዝም በል" አልኩት።

ሰውን ሁሉ "አረፈች" ስል ነው የከረምኩት፤ "ሄደች"፣ "ተለየችን"። የቀብሩ ወረቀት ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው። እዚያ ባጋጁ አጠገብ ግን ዓይናቸውን እያየሁ "ሞታለች አባ" አልኩ። "ቀኑን እሷ ናት የያዘችው። ልጄ ታርጋውን መለሰችው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ላታልልዎት መጣሁ። ቢራው ቢቀርብኝ ግድ የለኝም ብል ውሸት ነው። የያዘችውን ነገር ሜዳ ላይ መተው አቃተኝ።"

ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። መነኩሴው ዞር ብለው ሲያዩት ተወ።

"ደንባችን" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያዘዘው ሰው ራሱ ይምጣ አይልም። ያዘዘው ታርጋ ይምጣ ነው የሚለው።" ወረቀታቸውን አጠፉ። "ታርጋው መጥቷል። ይህን ቢራ ለሌላ ላለመሸጥ ቃል ይገባሉ?"

"ምን ቆርጦኝ እሸጠዋለሁ" አልኩ።

ገብተው ሁለት ሳጥን በጋሪ እየገፉ መጡ። የገዳሙ ጠርሙስ ወረቀት የለውም፤ የሚለየው በቆርኪው ነው። ቢጫ ቆርኪ ጠንካራው ጥቁር ቢራ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው የሚሞትለት እሱ ነው፤ እኛም ከተጋባን ጀምሮ ሌላ አምጥተን አናውቅም። አንደኛው ሳጥን ቢጫ ነው። ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ቀለል ያለው ቢራ።

"አባ፣ ይቅርታዎን፣ ይኼኛው የሌላ ሰው ነው" አልኳቸው። "እኛ ሁለቱንም ቢጫ ነው የምንወስደው።"

ወረቀቱን ዘርግተው አሳዩኝ። ከታርጋው ጎን አንድ ቢጫ፣ አንድ አረንጓዴ ይላል። "ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አሉ። "መስመሩ ሲከፈትላቸው የሳቁት እሳቸው ከሆኑ አስታውሳቸዋለሁ። 'አንዱን አረንጓዴ ያድርጉልኝ፤ የራሴ ነው' አሉኝ። እስከ ፋሲካ ይቆይ እንደሆነም ጠየቁኝ። ይቆያል አልኳቸው። 'እንግዲያው ቀስ ብዬ እጠጣዋለሁ' አሉ።"

እዚያው ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ፣ ሐኪሙ፣ ማርሌን፣ ሁላችንም ዙልማ መሞቷን አውቃ ተቀብላዋለች ብለን ነበር። ለእኛ ስትል ነው እንደዚያ የመሰለችው። እሷ እስከ ፋሲካ ድረስ ቢራ አዝዛ ነበር።

ሌላውም ነገር ያኔ ነው የመጣብኝ። በተጋባን ዓመት፣ ገና የመጀመሪያውን ሰልፍ የተሰለፍን ዕለት፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ "አንዱን ሳጥን ቀለል ያለውን፣ ባለ አረንጓዴ ቆርኪውን ብናደርገውስ?" ብላኝ ነበር። "እሱማ የሕፃናት ውሃ ነው" ብዬ ሳቅሁባት። ሰልፈኛውም አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አንስታው አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጥቁር ቢራ ግማሽ ብርጭቆ ትቀዳለች፣ ሁለት ጊዜ ትጎነጫለች፣ የተረፈውን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ ደግሞ መጠጥ አይሆንላትም እል ነበር። ለሰው ሁሉ እንደዚያ ብዬ ነው የምነግረው።

ፊርሚን ብብቴን ይዞ አስነሳኝ። በመንገድ ላይ ስለ ፖሊስ አንድ ቃል አልተናገረም። ቤቴ በር ላይ ሲያደርሰኝ ባጋጁን ከፍቶ፣ "ለነዳጄ አንድ አረንጓዴ ጣል አድርግልኝ" አለ ሊያስቀኝ ፈልጎ።

"ቢጫውን በሙሉ ውሰድ" አልኩት።

"አብደሃል? ሳጥኑን ሙሉ?"

"ሳጥኑን ሙሉ። ከአረንጓዴው ግን አንዲት ጠርሙስ አትነካም።"

ቢጫውን ይዞ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። እኔ የዙልማን ሳጥን እየጎተትኩ ወጥ ቤት አገባሁት። ኮቴን ሳላወልቅ አንዷን ጠርሙስ ከፍቼ ቀዳሁ። ቀለል ያለ ነው፤ የሆፕሱ መራራ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ትንሽ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ነገር አለው። እስከ ታችኛው ጠብታ ጠጣሁት። ጥሩ ቢራ ነው። አርባ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን እንኳ "ላንቺስ የቱን እንዘዝ?" ብዬ አልጠየቅኋትም።