የፓርቲው ደንብና የስፌት መኪናዬ

«እማማ፣ ይህ የስፌት መኪና የት አገር ተሠራ?»

የጠየቁኝ የፓርቲው ሊቀመንበር ናቸው። ሟቹ ባለቤቴ ነው ያመጣው። ሃያ ዓመት ሰፋሁበት፣ ልጅ አሳደግኩበት፤ የት እንደተወለደ ግን ጠይቄው አላውቅም። በላዩ የተጻፈውን እንኳን እኔ ልጄም አያነበውም።

«ሁሉም በአገር ምርት» የሚለው ፓርቲ ሲመሠረት ቢሮ ስላልነበረው፣ ልጄ የእኔን ሳሎን ሰጠ። መስጠቱን ያወቅኩት ታፔላው የቤቴ በር ላይ ሲመታ ነው። እሱም ዋና ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ በፊት አለቆቹን የአገር ፍቅር ሲያስተምር ከሦስት ሥራ ተባሯል። ስለዚህ አሁንስ በረጋልኝ ብዬ ባንዲራቸውን ሁሉ ሰፋሁላቸው፣ በዚያው መኪና።

ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ስብሰባ የሚጀምሩት ሰዉን አሰልፈው ነው። ስለ መኪናው የጠየቁኝ ዕለት ጠዋትም አሰልፈው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ። ልጄ የጻፈው ደንብ ተለጥፏል።

«መኪናው አንቀጽ ሦስትን ይጥሳል። ይውጣ» አሉ።

«እማዬ፣ ለጊዜው አክስቴ ጋ እናስቀምጠው» አለ ልጄ፣ ዓይኔን ሳያይ።

«እኔንስ የት ታስቀምጠኛለህ? በምን ልብላ?»

«ለአገር ብለሽ ነው።»

«አገር የሱሪህን ጫፍ ትጠልፍልሃለች?»

መኪናው ከወጣ ጦሜን ማደሬ ነው። ካልወጣ ልጄ ለአራተኛ ጊዜ ሊባረር ነው። የምይዘው የምጨብጠው ቢጠፋኝ ወደ ግድግዳው ሄድኩ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ጣቴን ከፊደል ወደ ፊደል እየጎተትኩ ማንበብ ጀመርኩ፤ አሥራ ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

«የውጭ አገር ዕቃና ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አይቆዩም» ይላል። እንዳልሳሳት ደገምኩት።

«ታዲያ ዕቃው ምን አደረገ?» አልኩ። «ጽሕፈት ቤቱ ይውጣ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ልጄ ዞሩ። «ዋና ጸሐፊ፣ እንዲህ ማለት ነው?»

ልጄ የራሱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። «ያስኬዳል፣ ክቡር ሊቀመንበር። ቤቱም የእናቴ ነው።»

«አንተ ከማን ጋር ነህ?»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ረጅም ንግግር ሊጀምር ነው ብዬ ፈራሁ።

«ከመኪናው ጋር» አለ ብቻ።

እዚያው እጅ አውጥተው አባረሩት። ታፔላውን ነቅለው ሊቀመንበሩና ዘጠኙ አባላት ተሰልፈው ወጡ። ልጄ ቀረ። ገንዘብ ያዡም ቀረ፤ ወገቡ እንዲጠብለት ሱሪ ሰጥቶኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱሪውን ተቀበለና እሱም ሄደ።