ለወጉ ያህል እምቢ

ሚዛን አባቷን የምትወደውን ያህል ትታዘበዋለች። ታመነ አንጀቱ ቢታጠፍ እንኳ፣ ሰው ቤት "ብላ" ሲሉት መጀመሪያ "ጠግቤያለሁ" ነው የሚለው። ሲደግሙት "ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። "በሞቴ" ሲባል ነው ገና እጁን ሊታጠብ የሚነሣው። በአራት ዓመቷ ናይሮቢ የገባችው ሚዛን ደግሞ አንድ ቀን ኬንያዊት ጓደኛዋ ቤት ሄዳ እንደ አባቷ "ጠግቤያለሁ" አለች። የጓደኛዋ እናትም "ሳዋ"፣ በስዋሂሊ እሺ፣ ብላ ሳህኑን አነሣችባት። ከወጉ ጋር የተለያየችው ያን ቀን በባዶ ሆዷ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው "ብዪ" ትቀመጣለች፤ አባቷም "ይሉኝታ ቢስ" እያለ ይስቅባታል።

ነገሩ የምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረው።

በዚያ ጥቅምት ኬንያ ለምርጫ ስትዘጋጅ የከተማው ግድግዳ ሁሉ ፖስተር ለብሶ ነበር። ከሚዛን ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ያለው አጥር ላይ የተለጠፈው ተወዳዳሪ፣ ከራሱ ፎቶ በላይ የሟች አባቱን ፎቶ አሳትሟል፤ አባትየው ትልቅ፣ ልጁ ትንሽ። ሚዛን "የምንመርጠው የቱን ነው፣ የሞተውን?" ብላ ክፍሉን በሙሉ አስቃለች። ሳቁ የመጣላት የሰው አገር ምርጫ ስለሆነ ነው።

የኢትዮጵያውያኑ ዕድር ሊቀ መንበር አቶ ረታ የሞቱት ከዚያ በፊት፣ በመስከረም ነበር። ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ ትልቅ ምግብ ቤት ነበራቸው። ዕድሩን የመሠረቱት እሳቸው፣ ስብሰባው እሳቸው ቤት፣ ወንበሩ የእሳቸው፣ ማይክሮፎኑም የእሳቸው። ደግ ሰው ነበሩ፣ ማንም አይክድም። ግን ከታመሙ ጀምሮ የዕድሩን ሥራ የሚሠራው ምክትላቸው ታመነ ነው። ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእሱ ነው። መሃል ከተማ ስልክ የሚጠግንባትን ጠባብ ሱቅ ዘግቶ ሬሳ ክፍል ይሄዳል፣ አየር መንገዱ የጭነት ቢሮ ይሰለፋል፣ ድንኳን ያስተክላል፣ የሚያለቅሱትን ደግፎ መኪና ውስጥ ያስገባል። ሚዛን ለጓደኞቿ "አባዬ የሚውለው ከሞቱት ጋር ነው" ትላለች። ቀልዱ እሷን ራሷን አያስቃትም።

እናቷ የሞተችው ናይሮቢ በገቡ በዓመቱ ነው። ያኔ በእጃቸው የነበረው የስደተኛ ወረቀት፣ ማንዴት የሚሉት፣ ብቻ ነበር። የዕድሩ ደንብ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው አባል አይሆንም ይላል። ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም፤ ላንጋታ መቃብር ላይ ከአባትና ልጁ ሌላ የቆሙት አንድ ቄስና አካፋ የያዙ ቆፋሪዎች ብቻ ነበሩ። ሚዛን የእናቷ መልክ ጠፍቶባታል። የቀረላት ነገር ቢኖር፣ አባቷ ሰው ይመጣ እንደሆነ ብሎ ወደ መግቢያው ዞር ዞር ማለቱ ነው። ታመነ ፈቃዱን እንዳገኘ ዕድር ገባ። ከገባ ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ደንብ ማስለወጥ። አቶ ረታ ግን ስደተኛ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ዕድሩን ያፈርስብናል ብለው አልሰሙትም። ደንብ ለጉባኤ ማቅረብ የሚችለው ደግሞ ሊቀ መንበሩ ብቻ ነው።

በዚያው ጥቅምት ፓርክላንድስ ሰፈር ያለው የነታመነ ቤት አንዲት ሴት ትመላለስ ነበር፤ ብዙነሽ ትባላለች። ኢስሊ ሰፈር የምትኖር፣ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ስደተኛ ናት። ባሏ ዮፍታሄ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው በለዘበ ቋንቋ ነግረዋታል።

"እንዲድንልኝማ እግዜርን ነው የምለምነው" አለችው ታመነን። "እርስዎን የምለምነው ብቻዬን እንዳልቆም ነው።"

ታመነም የአዲሱ ሊቀ መንበር ምርጫ እንዳለፈ መጀመሪያ የማነሣው ያንቺን ጉዳይ ነው፣ አደርገዋለሁ አላት። አባቷ "አደርገዋለሁ" የሚል ቃል ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ሲያወጣ ሚዛን የሰማችው ያን ቀን ነው።

ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ሚዛን አባቷን አላስቀመጠችውም። ዕድሩ በወረቀት መርጦ አያውቅም፤ እጅ በማውጣት ነው። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ የሺወርቅ በጥቁር ልብሳቸው ከፊት ሊቀመጡ ነው፤ ልጃቸው ኤልናታንም አጠገባቸው።

"በወረቀት ይሁን በላቸው" አለችው። "እሳቸው ፊት ማን ላንተ እጁን ያወጣል?"

"ሥልጣን ፈላጊ ነው ይሉኛል።"

"ትፈልግ የለም እንዴ?"

"መፈለግ ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ" አላትና የሰው ስልክ መፍታቱን ቀጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሟቹ ምግብ ቤት ጢም አለ። ሚዛን ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ሶዳ ታድላለች። ኤልናታን እንግሊዝ አገር ተምሮ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ቀብር የሄደው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የአባቱ ነው። ክፉ ልጅ ግን አልነበረም። እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ለሽማግሌዎቹ ወንበር ያመቻቸው እሱ ነው፤ ሚዛንን ያናደዳት አንዱ ነገር ይኸው ነው።

ሰብሳቢው አቶ ጥሩሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ብዙ ሳያስረዝሙ ታመነን ጠቆሙ። ሥራውን የማያውቅ የለም፣ ከእኛ መሃል ሬሳ ያልሸኘለት ማን አለ፣ አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ የሺወርቅም ጭምር ነቀነቁ።

ታመነ ተነሣ። ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

"ኧረ እኔ ምን ዐቅም አለኝና" አለ። "ከእኔ የሚሻል ሞልቶ።"

ሚዛን ጠርሙስ መክፈቻዋን እንደያዘች በልቧ "አንድ" አለች። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ይህ እምቢታ አይደለም፣ በር ማንኳኳት ነው። አሁን አቶ ጥሩሰው "ተው እንጂ" ይሉታል፣ እሱ "አልችልም" ይላል፣ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ተነሥቶ "በሞቴ" ይለዋል፣ ከዚያ "እንግዲህ ግድ ካላችሁኝ" ይልና ይጨበጨባል። ምክትል ሲሆንም እንዲሁ ነበር የሆነው።

አቶ ጥሩሰው እውነትም አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ዓይናቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ላይ አረፈ። ሴትየዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሰውየው ደንገጥ አሉ፤ በሟቹ ቤት፣ በሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሟቹን ልጅ ስሙን ሳያነሡ ማለፍ ከበደባቸው።

"እንግዲህ የጋሽ ረታም ልጅ አለ" አሉ። "ኤልናታን፣ አንተስ ምን ትላለህ? የአባትህ ቦታ ነው።"

ለክብር ነው ያሉት። መልሱንም እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል፤ ልጁ "እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ ጋሽ ታመነ እያሉ" ይላል፣ እናቱ ይኮራሉ፣ ሁሉም "ጨዋ ልጅ" ብሎ ይመርቀዋል፣ ከዚያ ወደ ታመነ ይመለሳሉ።

ኤልናታን ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

"ኦኬ" አለ። "ከፈለጋችሁኝ እሺ። በጣም አመሰግናለሁ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳል ያዘው። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ያቀረቡለት ምግብ ሳህኑ ጭምር የተበላባቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወይዘሮ የሺወርቅ እንባቸው ገነፈለ፤ የባላቸውን ስም እየጠሩ ቤትህ አልተዘጋም፣ ቦታህ ባዶ አልቀረም እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ "ልጄ፣ እሱ እኮ ለወጉ ያህል ነው" የሚል አንጀት ያለው ሰው ከየት ይምጣ?

ሚዛን አባቷን ከሩቅ በዓይኗ ቆነጠጠችው። ተነሥ። "እኔም እችላለሁ" በል። እሱ ግን ገና ሁለተኛ አልተለመነም፤ ሳይለመኑ እሺ ማለት ደግሞ አያውቅበትም።

አቶ ጥሩሰው ወለሉን እያዩ "እንግዲህ ኤልናታንን የምትደግፉ" አሉ።

መጀመሪያ የወጣው እጅ የታመነ ነበር።

ሚዛን አፏን ከፈተች። አባቷ አያት። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ግን ልመና ነበር። ዘጋችው።

ጓዳ ገብታ ጠርሙስ ስታጥብ ኤልናታን ውኃ ሊጠጣ መጣ። ፊቱ ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም። ሲያጨበጭቡ ማንም ዓይኑን እንዳላየው ነገራት፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"እምቢ ማለት ነበረብኝ እንዴ?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"የሚነገር ነገር አይደለም" አለችው። "እኔም የተማርኩት ተርቤ ነው።"

ሳቅ ሊል ፈለገና ተወው። የወሰደውን ዳቦ የሚመልስ ልጅ ይመስል፣ ሹመቱን መመለስ ይቻል ይሆን ወይ አላት። ሚዛን በመጋረጃው በኩል እናቱን አሳየችው፤ ወይዘሮ የሺወርቅ በሴቶች ተከበው፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው ይጎርሳሉ። ኤልናታን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እሺ፣ ደንቡን ለውጥ" አለች ሚዛን። "የስደተኞቹን። ሊቀ መንበር አይደለህ? አንተ ካቀረብከው ያልፋል።"

ኤልናታን ደንቡን ያወጣው አባቱ እንደሆነ፣ አፈሩ ሳይደርቅ የእሱን ሥራ ማፍረስ እንደማይሆንለት፣ እናቱ እንደማትችለው፣ ምናልባት ከሙት ዓመቱ በኋላ እንደሚታይ በጣም በትሕትና አስረዳት። አማርኛው ሲያጥረው በእንግሊዝኛ ሞላው።

"የታመመው ሰውዬ ሙት ዓመት አይጠብቅም" አለችው።

"ሶሪ" አለ። የምሩን ነበር። "ጋሽ ታመነ ግን ይረዱኛል አይደል? እኔ እኮ ምንም አላውቅም።"

ይረዱሃል አለችው። ውሸት አልነበረም።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ቤት ሲመለሱ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥስ ነበር። ሚዛን እስከ ግማሽ መንገድ ታገሠች፤ ለእሷ ብዙ ነው።

"ለምን እምቢ አልክ?"

"እምቢ አላልኩም።"

"ብለሃል። ሰምቼሃለሁ።"

"እሱ እምቢ አይደለም ሚዙዬ። እነሱም ያውቃሉ።"

"ሥራው ያንተ፣ ወንበሩ የሱ። ይኼንንም ያውቃሉ?"

ታመነ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ልጁ ምን ያድርግ፣ ከየት ይወቀው" አለ። ከዚያ ለእሷ ይሁን ለመስታወቱ ሳይለይ፣ "አንዴ እንኳ 'ተው እንጂ' ቢሉኝ እኮ..." ብሎ ቃሉን ሳይጨርሰው ቀረ።

ማክሰኞ ብዙነሽ መጣች። በሩን የከፈተችላት ሚዛን ናት። ታመነ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጣት፤ ስለ ዮፍታሄ ሌሊት ጠየቃት፣ ስለ ሆስፒታሉ ምግብ ጠየቃት፣ ስለ ዝናቡ ሳይቀር አነሣ። ብዙነሽ እየመለሰች ዓይን ዓይኑን ታያለች። እሱ ደግሞ የነገሩን ዙሪያ ይዞራል፤ ወደ መሃሉ በተጠጋ ቁጥር ይሸሻል። ሚዛን ቆማ እስኪናገር ጠበቀች። አባቷ እንደማይናገር የገባት፣ ስለ ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ ነው።

"አልተመረጠም" አለች። "የሟቹ ልጅ ነው የተመረጠው። ደንቡም አይለወጥም። ለጊዜው።"

ሁልጊዜ በግልጽ መናገር ቀላል ይመስላት ነበር። ታመነ አንገቱን ደፋ። ብዙነሽ እጆቿን አየቻቸው፤ በሳሙና የተላጡ እጆች ናቸው፣ አንዱን በአንዱ ሸፈነችው። አላለቀሰችም። የተመረጠው ልጅ ደግ እንደሆነ ጠየቀች። ሚዛን ደግ ነው አለቻት።

"እንግዲያ ጥሩ" አለች ብዙነሽ፣ ወደ ታመነም ዞራ "አይዘኑ ጋሼ። እርስዎንም አስቸገርኩዎት" አለችው። እሱን አጽናንታው ተነሣች።

ሚዛን እስከ ማታቱ መሳፈሪያው ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ የእሑዱን ነገር ነገረቻት፤ የአባቷን "ዐቅም የለኝም"፣ የኤልናታንን "ኦኬ"፣ መጀመሪያ የወጣውን እጅ። ስትናገር ንዴቷ እንደ አዲስ ተነሣ። አንድ ቃል ነበር የቀረው፣ አንድ "እሺ" ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አንሰማም ነበር፣ አለቻት። ብዙነሽ እንድትናደድላት ፈልጋ ነበር።

ማታቱው መጥቶ ቆመ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ታዎ፣ ታዎ" እያለ የመሃል ከተማ ተሳፋሪ ይጣራል። ብዙነሽ የሚዛንን ጉንጭ ሳመች።

"አባትሽን አትቆጪው" አለቻት። "እኔንም ቢሉኝ እንደሱ ነበር የምለው። ሰው ፊት ለፊት ተነሥቶ እንዴት ብሎ እሺ ይባላል?"

ረዳቱ የማታቱውን ጣራ ደበደበ፤ ብዙነሽ ገብታ ከሁለት ሰዎች መሃል ተሸጋሽጋ ተቀመጠች፣ ማታቱውም በሩ ሳይዘጋ ሄደ።